ስለ አይሮፕላን ጩኸትና ስለ ሰው ጤና

ጤናን የሚያጠፋ ነገር ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው የሚጠራው የተበከለ ውሃን፥ ቆሻሻን፥ የወባ ትንኝን ነው። እነዚህ በዐይን ይታያሉ፤ ባይታዩም በአፍንጫ ይታወቃሉ። ጩኸት ግን ካለፈ በኋላ የሚተወው ምልክት ስለ ሌለ፥ ከበሽታ ምክንያቶች ጋራ የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሐኪሞችና የትምህርት መርማሪዎች ከአምሳ ዓመት ወዲህ ባደረጉት ምርመራ ሁለት ነገር ተገልጧል። አንደኛው፥ ሌሊት የሚያልፍ ጩኸት የተኛውን ሰው ባያነቃው እንኳ ልቡንና የደም ሥሩን ያስጨንቃል። ሁለተኛው፥ ቀን በተማሪ ቤት ላይ የሚያልፍ ጩኸት የልጆችን ንባብ ወደ ኋላ ያስቀራል። በዚህ ረገድ እጅግ ከተመረመሩት አንዱ የአይሮፕላን ጩኸት ስለ ሆነ፥ ነገራችንን ከእርሱ እንጀምራለን።

«ሐረር የአይሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ታዲያ ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የሐረር መንገደኛ በአይሮፕላን ለመሄድ ሲያስብ አምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቍልቍል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። የዚያም ማረፊያ በራስ መኰንን ልጅ፥ ከአባታቸው ሞት በኋላ ሐረርን ባስተዳደሩት ሰው ስም፥ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ ጩኸቱን በየቀኑ የሚሰሙት ጎረቤቶቻችን ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። ነገር ግን የሰው ሥጋ ጩኸትን የሚቀበለው በአንድ መንገድ ነው። ከአይሮፕላን የተማርነው ነገር ለእህል ወፍጮውም፥ ለባጃጁም፥ ለድምፅ ማጉያውም ያገለግለናል።

ደግሞም ሐረር የአይሮፕላንን ድምፅ በክፉ ቀን ያወቀች ከተማ ናት። አይሮፕላን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የወረደው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይሞላ፥ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጀጎል ግንብ በምድር የሚመጣውን ጠላት ለማገድ ተሠራ እንጂ ከላይ የሚወርደውን ለመመለስ አልተሠራም። ያን ቀን ላየ ሰው ከዚያ በኋላ የሞተር ድምፅ፥ ድምፅ ብቻ ሆኖ አይሰማውም። ይህን ያነሣነው የጩኸት ጉዳት በመጠኑ ብቻ የሚሰፈር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። እናት ነጐድጓድ ሲያጓራ ተኝታ ታድራለች፤ ሕፃኗ ጥቂት ቢያቃስት ግን ትነቃለች። እንዲሁም በማረፊያ አጠገብ ከሚኖሩት ሰዎች መካከል አይሮፕላኑ ይወድቅብኛል ብሎ የሚፈራው፥ ከማይፈራው ጎረቤቱ ይልቅ በዚያው ድምፅ የበለጠ ይታወካል።

የጩኸት መጠን ዴሲቤል በሚባል መስፈሪያ ይለካል። ይህም መስፈሪያ እንደ ክንድና እንደ ቁና በእኩል አይጨምርም። በክንድ 20 የ10 እጥፍ ነው፤ በዴሲቤል ግን 10 ሲጨመር የድምፁ ኀይል 10 እጥፍ፥ 20 ሲጨመር 100 እጥፍ ይሆናል። ጆሮ ደግሞ 10 የተጨመረበትን ድምፅ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ አድርጎ ይሰማዋል። ሹክሹክታ 30 ያህል ነው፤ ሁለት ሰዎች ተቀራርበው ሲነጋገሩ 60 ያህል ነው፤ ጀት አይሮፕላን ሲነሣ በቅርብ ለቆመ ሰው ከ120 ያልፋል። ስለዚህ «ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ነው የጨመረው» የሚል ሰው ቢገኝ፥ ጥቂት እንዳይደለ ማስረዳት ያሻል።

ጩኸት ጆሮን እንደሚያደነቍር ሁሉም ያውቃል። በቀን ስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ እየሰማ ዓመታት የሚሠራ ሰው የመስማት ኀይሉ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ በማረፊያው ሜዳ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ጆሮአቸውን በመሸፈኛ የሚዘጉትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን በማረፊያው ዙሪያ በቤታቸው ለሚኖሩት ሰዎች ዋናው አደጋ ይህ አይደለም። ወደ እነርሱ የሚደርሰው ድምፅ ብዙ ጊዜ ጆሮን ለማደንቈር አይበቃም። ጉዳቱ በሌላ መንገድ ይገባል።

ዐይን ሽፋን አለው፥ ጆሮ ግን የለውም። ሰው ተኝቶ ሳለ ጆሮው ዘብ ሆኖ ያድራል፤ ድምፅ በሰማም ጊዜ ለአንጎል ይነግራል፥ አንጎልም ሥጋን ለመሸሽ ወይም ለመታገል ያዘጋጃል። ያን ጊዜ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ቅመሞች ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ልብ ይፈጥናል፥ የደም ሥር ይጠብባል፥ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ይህ ሥርዐት አባቶቻችን በዱር አውሬ መካከል ሲያድሩ የጠበቃቸው መልካም ዘብ ነበር። በአንድ ሌሊት ሃያና ሠላሳ ጊዜ በከንቱ ሲጠራ ግን ዘቡ ራሱ ጌታውን ይጎዳል።

በማረፊያ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ጩኸቱ ሲጠየቁ «ለምጄዋለሁ» ይላሉ። ሐሰት አይናገሩም፤ ልባቸው ያስባል፥ ጆሮአቸውም አይሰለችም፤ ሥጋቸው ግን እንደ ቃላቸው አልሆነም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የታተመ አንድ ምርመራ በአቴና፥ በሚላኖ፥ በስቶክሆልምና በሎንዶን ማረፊያዎች አጠገብ በሚኖሩ 140 ሰዎች ክንድ ላይ መለኪያ አስሮ ሌሊቱን ተከታተለ። አይሮፕላን ባለፈ ጊዜ የተኙት ሰዎች ላይኛው የደም ግፊት በአማካይ በ6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት የወጣው ታላቁ ምርመራ ደግሞ በስድስት ማረፊያዎች ዙሪያ ቢያንስ አምስት ዓመት የኖሩ፥ ዕድሜአቸው ከ45 እስከ 70 የሆነ 4,861 ሰዎችን መረመረ። የሌሊቱ የአይሮፕላን ድምፅ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የደም ግፊት በሽታ የመገኘቱ ዕድል በ14 ከመቶ ያህል ከፍ ብሎ ታየ። በ2013 ደግሞ በሎንዶን ሂትሮው ማረፊያ ዙሪያ የሚኖሩ 3.6 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ሲታይ፥ ጩኸቱ እጅግ በበዛባቸው ሰፈሮች በልብ በሽታና አንጎል ውስጥ ደም በመፍሰስ ወይም በመታገድ ምክንያት ወደ ሐኪም ቤት የሚገባው ሰው በዝቶ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ነገሩን ከልክ ማሳለፍ አይገባም። የደም ግፊት ከጨው ብዛት፥ ከውፍረት፥ ከትምባሆ፥ ከዘርም ይመጣል፤ ጩኸት ከምክንያቶቹ አንዱ ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ጩኸት በበዛበት ሰፈር የሚኖረውም ሰው ብዙ ጊዜ ድኻ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱን ከድኽነቱ ጉዳት መለየት ያስቸግራል። መርማሪዎቹም ይህን ሁሉ በስሌት ለመለየት ደክመዋል። የሰው ሁኔታ እንደዚህ የተቀላቀለ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ይበልጥ አጥርቶ ያሳየው በአንድ አጋጣሚ በልጆች ላይ የተደረገው ምርመራ ነው።

የጀርመን አገር ከተማ የሆነችው ሙኒክ አሮጌውን ማረፊያዋን በ1992 ዘግታ በዚያው ቀን ሌላ ስፍራ የሠራችውን አዲስ ማረፊያ ከፈተች። መርማሪዎችም ይህ እንደሚሆን አስቀድመው ስላወቁ፥ ከመዘጋቱ በፊት በአሮጌው ማረፊያ አጠገብ፥ በአዲሱም ስፍራ አጠገብ፥ ጩኸት በሌለባቸውም ሰፈሮች የሚኖሩ ልጆችን መርጠው ንባባቸውንና የማስታወስ ኀይላቸውን መዘኑ። ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መዘኗቸው። መጀመሪያ ሲመዝኑ በአሮጌው ማረፊያ አጠገብ ያሉት ልጆች በንባብና ነገርን ለረዥም ጊዜ በማስታወስ ከጓደኞቻቸው ያንሱ ነበር። ማረፊያው ከተዘጋ በኋላ ግን ልጆቹ በዚያው ቤት እየኖሩ ተሻሻሉ። በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ ያሉት ደግሞ መጀመሪያ ደኅና የነበሩት አይሮፕላኑ ከመጣባቸው በኋላ በእነዚሁ ነገሮች ደከሙ፤ የደም ግፊታቸውና የጭንቀት ቅመማቸውም ከፍ አለ። የወላጆቹ ሀብት አልተለወጠም፥ ቤቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጩኸቱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣ፥ ሲርቅም የሚሄድ መሆኑ ለአስተማሪ ታላቅ ተስፋ ነው።

በ2005 የታተመውም ምርመራ በሆላንድ፥ በእስፓንያና በእንግሊዝ አገር በታላላቅ ማረፊያዎች አጠገብ ባሉ 89 ተማሪ ቤቶች የሚማሩ፥ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች የሆኑ 2,844 ተማሪዎችን መዘነ። የአይሮፕላኑ ድምፅ በ5 ዴሲቤል በጨመረ ጊዜ የልጆቹ ንባብ በእንግሊዝ አገር እስከ ሁለት ወር፥ በሆላንድ እስከ አንድ ወር ዘግይቶ ተገኘ። ከዚያ በፊት በ1975 በኒው ዮርክ ከተማ የታተመው ደግሞ ስለ አይሮፕላን ሳይሆን ስለ ባቡር ነው። አንድ ተማሪ ቤት በአንድ ወገኑ ከፍ ብሎ በተሠራ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበረ፤ በሐዲዱ ወገን የሚማሩት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ጸጥ ባለው ወገን ከሚማሩት ጓደኞቻቸው በንባብ አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። በአንድ ቤት፥ በአንድ ጣራ ሥር መሆኑን አስተውሉ። በኋላ ከሐዲዱ በታች ላስቲክ ተነጠፈ፥ በክፍሎቹም ድምፅን የሚመጥጥ ኮርኒስ ተደረገ፤ እንደ ገና ሲመዘኑ የሁለቱ ወገን ልዩነት ጠፍቶ ነበር።

ስለ ምን ንባብ ይጎዳል? ጩኸት አስቀድሞ የሚሸፍነው ደቃቅ የሆኑትን የፊደል ድምፆች ነው። «መታ» እና «መጣ»፥ «ድል» እና «ጥል» የሚለዩት በአንድ ቅንጣት ድምፅ ነው፤ ይህችም ቅንጣት ስትጠፋ ዐዋቂ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ያሟላታል፥ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ግን የሚያሟላበት ዕውቀት ገና የለውም። በሌላ ቋንቋ የሚማር ልጅ ደግሞ ይብሳል። በሐረርና በዙሪያዋ ሐረሪ፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛ፥ ሶማልኛ ይነገራል፤ አንዱ ልጅ በቤቱ በአንዱ፥ በመንገድ በሌላው፥ በተማሪ ቤት በሦስተኛው ይናገራል። እንዲህ ያለው ልጅ ጸጥታ ባለበት ክፍል ከጓደኞቹ እኩል ይሰማል፤ ጩኸት በበዛበት ግን የቋንቋው ባለቤት የሆነው ልጅ ሳይቸገር እርሱ ይስታል፤ አስተማሪውም ሰነፍ ነው ይለዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ዘወትር በጩኸት ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ ጩኸቱን ላለመስማት ልቡን ይዘጋል፥ በዚያውም የአስተማሪውን ቃል ይዘጋበታል።

በዚህ ነገር ሽማግሌዎች የሚያነሡት ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «እኛ ፊደልና ዳዊት የቈጠርነው፥ ሌሎችም ቁርኣን የቀሩት፥ አርባ ልጅ በአንድ ግቢ እየጮኸ አይደለምን? ማን ወደ ኋላ ቀረ?» ይላሉ። እኛም በዚያው የተማርን ስለ ሆነ ነገሩን አንክድም። ነገር ግን በዚያ ትምህርት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቃል በራሱ ጆሮ አጠገብ በከፍተኛ ድምፅ ያነባል፤ የኔታም አንድ በአንድ እየጠሩ ከፊታቸው አስቀምጠው ይሰሙታል። ዛሬ ግን አንድ አስተማሪ ለስልሳ ልጅ ባንድነት ይናገራል፤ ቃሉ ከጥቍር ሰሌዳው ተነሥቶ የኋላው ወንበር ድረስ መድረስ አለበት። የቀድሞው ትምህርት ጩኸቱን የቻለው በሥርዐቱ ነው፤ የዛሬው ሥርዐት አይችለውም።

አሁን ወደ አይሮፕላኑ እንመለስ። ጩኸቱ በማረፊያው ዙሪያ እንደ ክብ አይዘረጋም። አይሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም በሜዳው መንደርደሪያ መስመር ስለ ሆነ፥ ጩኸቱ በመንደርደሪያው ሁለት ጫፍ በኩል ረዥም ምላስ ሆኖ ይወጣል፤ በጎንና በጎኑ ግን ፈጥኖ ይቀንሳል። በጫፉ አንጻር ብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ መንደር፥ በጎን በኩል ቀርቦ ካለው መንደር ይልቅ ብዙ ሊሰማ ይችላል። ለተማሪ ቤት መሬት የሚመርጡ ሽማግሌዎች ከሁሉ ይልቅ ይህን አንድ ነገር ቢይዙ ይበቃል፤ ሜዳው ስንት ይርቃል ብቻ ሳይሆን፥ አይሮፕላኑ በላያችን ዝቅ ብሎ ያልፋልን ብለው ይጠይቁ።

በአዲስ አበባ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጀት አይሮፕላን ሲመጣ ያ ሜዳ ስላልበቃ ቦሌ ተሠራ። ያን ጊዜ የቦሌ ዙሪያ ሜዳና እርሻ ነበረ፤ ከተማው ግን እየሰፋ ሄዶ ማረፊያውን ከበበው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር የሞተር ኀይልና የክንፍ ማንሣት ይቀንሳል፥ የተጫነ አይሮፕላንም ረዥም መንደርደሪያ ይሻል፥ ሲነሣም ከፍ የሚለው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ በቤቶች ላይ ዝቅ ብሎ ይቈያል። አየር መንገዱም መንገደኞችን ከአፍሪካ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ የሚያገናኝ ስለ ሆነ፥ በምሽትና በሌሊት የሚነሣ ጕዞ ብዙ ነው። እርግጥ የዛሬዎቹ አይሮፕላኖች ከቀድሞዎቹ ጀቶች ይልቅ እጅግ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ቍጥራቸው ግን በዝቷል፥ ለተኛ ሰው ደግሞ ቍጥሩ ራሱ ሸክም ነው።

አሁንም በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በሚባለው ስፍራ ከቦሌ የሚበልጥ አዲስ ማረፊያ እንዲሠራ ተወስኗል። በዚያ አገር ያሉ አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት እንወዳለን፤ ሜዳው ከተሠራ በኋላ ከተማ ተከትሎ እንደሚመጣ የቦሌ ነገር ያሳያልና። መንደርና ተማሪ ቤት ከመንደርደሪያው አንጻር እንዳይሠራ የሚከለከለው ሜዳው ባዶ ሳለ ነው እንጂ ሰው ከሰፈረ በኋላ አይደለም። ሕጉም ለዚህ መሠረት ይሰጣል። ስለ አካባቢ ብክለት ቍጥጥር የወጣው አዋጅ ቍጥር 300/1995 የድምፅ ልክ እንዲወሰን ያዝዛል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነውም ልክ ቀን 55፥ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ክፍል በ2018 ለአይሮፕላን ድምፅ ብቻ ያወጣው ምክር ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሌሊት ከ40 እንዳያልፍ ይላል።

ጩኸትን የሚያግደው ነገር ክብደት ነው። በጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ የጥንቱም ጣራው በግንድ ላይ አፈር የተደለደለበት ነበረ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የገበያውን ሁካታ በሩቅ ይሰማዋል። የቆርቆሮ ጣራ ግን ቀላል ስለ ሆነ እምብዛም አያግድም፤ ከላይ ለሚመጣ ድምፅ ግድግዳው የቱን ያህል ቢወፍር አይረዳም። ዛፍ መትከል ለብዙ ነገር መልካም ነው፥ ጩኸትን ግን አንድ ተርታ ዛፍ እምብዛም አይቀንስም፤ ድምፁ በቅጠሉ መካከል ያልፋል። በመንገድ ዳር ላለ ተማሪ ቤት ቀዳዳ የሌለበት የድንጋይ አጥር ይሻላል።

በሐረር የጩኸት ነገር አዲስ አይደለም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚያወርደው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ከሚያዞሩት የስፌት መኪና ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብሎ ተጠርቷል። ያ ግርግር ሥራ የሚሠራ ሰው ድምፅ ስለ ሆነ ማንንም ገድሏል አንልም፥ ስሙም ደስ ያሰኛል። ከእርሱ ይልቅ የሚያስጨንቀው በፈረስ መጋላ የሚጮኸው የባጃጅ ጥሩምባ፥ ሌሊቱን ሙሉ የሚከፈተው ድምፅ ማጉያ፥ በየገጠሩም ከተማሪ ቤቱ አጠገብ የሚተከለው የእህል ወፍጮ ነው። ወፍጮ ለመንደር በረከት ነው፤ አንድ ሁለት መቶ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ቢተከል እህሉን መፍጨቱን አይተውም። ይህ በቀበሌ ስብሰባ በአንድ ቀን ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ነው።

በገጠር ተማሪ ቤት ግን ከአይሮፕላንም ከወፍጮም ይልቅ ትምህርት የሚያስቈመው የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ አስተማሪው ይጮኻል፥ ጕሮሮው ይጎዳል፥ ልጆቹም አይሰሙም። መጮኽ አይገባም። ዝናቡ ሲበረታ የቃል ትምህርቱን አቁሞ ልጆቹ እንዲጽፉ ወይም ሒሳብ እንዲሠሩ ማዘዝ፥ ዝናቡም ሲያባራ ወደ ንባቡ መመለስ ይሻላል። ከጣራው በታች ከሸምበቆም ቢሆን ከማዳበሪያ ከረጢትም ቢሆን ኮርኒስ ቢወጠር የሚያስተጋባውን ድምፅ በጥቂቱ ይቀንሰዋል። በአይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ አስተማሪም አይሮፕላኑ የሚነሣበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት መዝግቦ፥ የፊደልንና የንባብን ትምህርት ከዚያ ሰዓት ውጭ ማድረግ ይችላል። ጆሮው የሚመግል ወይም ሲጠሩት ቶሎ የማይመልስ ልጅ በፊተኛው ወንበር ይቀመጥ፤ ወላጆቹም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይነገራቸው። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈና እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎችም፥ ጩኸት ቢኖርባቸውም ባይኖርባቸውም፥ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በዚያው ጤና ጣቢያ የደም ግፊታቸውን ያስለኩ።